«ልርዳቸው ብዬ ከደጄ አራቅኳቸው»

ጤና ይስጥልኝ እትዬ፣

ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ። የራሴን ጉዳይ እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

34 ዓመቴ ነው። የምኖረው ወሎ ውስጥ፣ ከደሴ ብዙም በማትርቅ ትንሽ ከተማ ነው። የእናቴን ምግብ ቤት ይዣለሁ። እናቴ ካረፈች ሦስት ዓመት አለፈ። ቤታችን በምግቡም ይታወቃል። ከምግቡ በላይ ግን የሚታወቀው በቅዳሜ ማታው ነው። ማሲንቆ የሚጫወቱ ሰው አሉ፣ ጋሼ እንላቸዋለን። ከልጅነቴ ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚጫወቱት እኛ ቤት ነው። አሁን ስድሳ ሊሞላቸው ነው። ከሁለት ዓመት ወዲህ ደግሞ አንዲት የ22 ዓመት ልጅ አብራቸው ትዘፍናለች። ድምጿን ቢሰሙት! አምባሰል ስትጀምር ሰው ጉርሻውን በእጁ እንደያዘ ይቀራል።

ለሁለቱ የምሰጣቸው እራትና የሚጠጣ ነገር ነው። የቀረው ከእንግዳ የሚያገኙት ሽልማት ነው። እኔ እስከማውቀው በእናቴ ጊዜም እንዲሁ ነበር። አሁን ግን የሰው እጅ አጠረ። 200 ብር ለሁለት ተካፍለው የሄዱበት ቅዳሜ አለ።

ጥቅምት ላይ አንጀቴ አልችል አለኝ። ጋሼ ሲጫወቱ በስልኬ ቀረጽኳቸውና ቲክቶክ ላይ ለቀቅኩት። «እኚህ ታላቅ ባለሙያ ተቸግረዋል፣ እንድረስላቸው» ብዬ ጻፍኩበት። የቤታቸውንም በር አሳየሁ። የከተማችን ልጆች ከአሜሪካም፣ ከሳዑዲም፣ ከዱባይም አዋጡ። 18,000 ብር ሆነ። ደስ ብሎኝ በፖስታ አድርጌ ወሰድኩላቸው። ፖስታውን አዩት። «ልጄ፣ እኔ ለምኛለሁ እንዴ?» አሉኝ። ሌላ ቃል አልተናገሩም። ከዚያ ወዲህ ቤቴ አልመጡም። አምስት ሳምንት ሆነ። ማሲንቆውን ሰቅለው ጥበቃ ሊቀጠሩ ነው ሲሉ ሰማሁ።

ባለቤቴ «በቃ፣ ትልቅ ስፒከርና ስክሪን ገዝተን ኳስ እናሳይ» ይለኛል። አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ «ልጅቷን ላኪያት፣ የማውቀው የምሽት ክበብ አለ፣ እዚያ ተቀምጣ ምን ታገኛለች?» ይላል። እሷ ዝም ብላለች። ብሩም እስከ ዛሬ እኔው ጋ ነው።

ልርዳ ብዬ ያዋረድኳቸው መሰለኝ። ከዚህ በኋላ ምን ማድረግ እችላለሁ?

የእናቷን ቤት የያዘችው

* * *

እህቴ፣

«እኔ ለምኛለሁ እንዴ?» የምትለዋን አንብቤ ቶሎ ማለፍ አቃተኝ። አንቺም እንዳላለፍሻት ደብዳቤሽ ይናገራል። አምስት ሳምንት ሙሉ ጆሮሽ ላይ ስትጮህ የከረመች ይመስለኛል።

ክፋት አላሰብሽም። ይህን ጋሼም የሚያጡት አይመስለኝም። ግን አንድ አፍታ በእሳቸው ቦታ ቁጭ እንበል። አዝማሪ የሚለው ስም በአገራችን ምን ሲሸከም እንደኖረ ታውቂያለሽ። ሠርጉ ያለ እነሱ አይደምቅም። ሠርጉ ሲያልቅ ግን ስማቸው ስድብ ሆኖ ያገለግላል። «አዝማሪ ነው» ተብሎ ልጅ የተነፈገ ስንት አለ። እንዲህ ያለ ስም ተሸክሞ ስድሳ ዓመት የደረሰ ሰው፣ ክብሩን የሚያስጠብቅበት አንድ ነገር አለው፤ ሳይሠራ አይቀበልም። ግንባሩ ላይ ብር የሚለጠፍለት ግጥም ሰጥቶ ነው። እንግዳው «ተቀበል!» ይላል፣ እሱ ይቀበላል፣ አሳምሮ ይመልሳል፣ ከዚያ ይሸለማል። አስቀድሞ የሚሰጠው እሱ ነው። ያንቺ ፖስታ ግን ማሲንቆው ሳይነካ መጣ። ከፖስታው በፊት ደግሞ የቤታቸው በር በየስልኩ ዞሯል። የጎረቤት ልጆችም አይተውታል።

ስለዚህ የጎዳቸው ብሩ ሳይሆን ቪዲዮው ይመስለኛል። ልሳሳት እችላለሁ። ትክክለኛውን የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው። ለመሆኑ በእነዚህ አምስት ሳምንታት ውስጥ ሄደሽ ጠይቀሻቸዋል? ደብዳቤሽ ላይ አላየሁትም። ሳትሄጂ የቀረሽው አፍረሽ ከሆነ፣ እሳቸውም በዚያኛው በኩል አፍረው ቁጭ ብለው ይሆናል።

እኔ አንቺን ብሆን መጀመሪያ ቪዲዮውን አጠፋለሁ። ዛሬውኑ። የተጋራው ሁሉ ላይጠፋ ይችላል፣ ያንቺው ግን ይጥፋ። ከዚያ ባዶ እጅሽን ላለመሄድ ቡናና ስኳር ይዘሽ ሂጂ። ፖስታውን ቤት ተዪው። ሽማግሌም አትሰብስቢ፤ ነገሩ እንደገና የሰው ወሬ ይሆናል። «ሳላስፈቅድዎት ለቀቅኩት፣ አጠፋሁ፣ ይቅር ይበሉኝ» በይና ዝም በይ። «እኮ ለእርስዎ ብዬ ነው» የምትለዋ ምላስሽ ላይ ትመጣለች። ዋጪያት። እውነት ብትሆንም የዚያን ቀን ቦታዋ አይደለም።

ልባቸው ሲለሰልስ ስለ እናትሽ ጠይቂያቸው። «እናቴ እንዴት ነበር የምትይዝዎት?» በያቸው። ይህን የምልሽ ያለ ምክንያት አይደለም። «እኔ እስከማውቀው» ብለሽ ነው የጻፍሽው። አንቺ በልጅነትሽ ያየሽው እራቱንና ሽልማቱን ነው። እናትሽ ለበዓል ጤፍ ይልኩላቸው ይሆናል። ለልጆቻቸው ደብተር ይገዙ ይሆናል። ሲታመሙ ያሳክሙ ይሆናል። እኔ ባደግኩበት ሰፈር እንዲህ ነበር፤ ባለቤቷና ተጫዋቹ ብቻ የሚያውቁት ውል ነበራቸው። እናትየው ስታርፍ ውሉ አብሮ ይቀበራል። ልጅ የሚወርሰው የሚታየውን ግማሽ ብቻ ነው። መልሳቸው ምን ይሆን? ምናልባት ደሞዝ የምትይውን ነገር ያገኙት ነበር፣ ስም አልተሰጠውም እንጂ።

ከዚያ በኋላ የሚቀረው የሥራ ጉዳይ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የሁሉም ነገር ሥር ያለው እዚህ ነው።

እንደ እናንተ ባለ ትንሽ ከተማ የሙዚቀኛ ዓመት ወጣ ገባ ነው። ጥር የሠርግ ወር ነው። ከፋሲካ በኋላ ደግሞ እንደገና ይሞቃል። ዐቢይ ጾም ሲገባ ግን ለ55 ቀን ማሲንቆ ይሰቀላል። ወሎ ላይ ረመዳንም አለ። የእናንተ ቤት እንግዳ ግማሹ ክርስቲያን ግማሹ ሙስሊም እንደሚሆን እገምታለሁ። እንደ 2018 ዓ.ም. ባለ ዓመት ደግሞ ሁለቱም ጾሞች የካቲት ላይ በቀናት ልዩነት ይገባሉ። እንዲህ ባለ ዓመት በሽልማት ብቻ ልኑር ማለት እንዴት እንደሚከብድ አስቢው። ሰውየውን ወደ ጥበቃ ሥራ የሚገፋቸው የብሩ ማነስ ብቻ አይመስለኝም። ጥበቃ ወር ሲሞላ ይከፍላል። ያንቺ ቤት ግን ዛሬ ስንት እንደሚያስገኝ አይታወቅም።

ስለዚህ ቁርጥ ያለ ክፍያ አቅርቢላቸው። ስንት እንደሚሆን እኔ ከዚህ ሆኜ አልወስንም። ለአንድ ሠርግ ስንት ብር እንደሚያስከፍሉ ጠይቂያቸውና ከዚያ ተነሡ። ለአንድ ምሽት፣ ከዚህ ሰዓት እስከዚህ ሰዓት፣ ይህን ያህል ብር። ሽልማቱ ከዚያ በላይ የራሳቸው ነው። ሰው ባይመጣም፣ ቢዘንብም፣ ክፍያው አይቀርም። ልጅቷም ድርሻዋን ለብቻዋ ትቀበል፣ በጋሼ እጅ በኩል አይሁን። ይህን በአንዲት ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ብትፈርሙ ማንም አይጎዳም።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል? አንዱ ምንጭ እጅሽ ላይ ነው። 18,000ው ያንቺ አይደለም፣ ገና የጋሼም አልሆነም። የሰጪዎቹ አደራ ነው። ላዋጡት ሰዎች እውነቱን ጻፊላቸው። «እንደ እርዳታ አልቀበልም ብለዋል፣ ለሥራቸው ክፍያ እንዲሆን ትፈቅዳላችሁ?» በያቸው። እምቢ የሚል ካለ ገንዘቡን መልሺለት። ብዙዎቹ ግን ደስ የሚላቸው ይመስለኛል። ይህንንም ከማድረግሽ በፊት ለጋሼ ንገሪያቸው። ሁለተኛ ጊዜ ከሰው እንዳይሰሙት።

ሁሉም ከተስማሙ፣ 18,000 ብር ለ12 ምሽት ሲካፈል 1,500 ብር ይደርሳል። ይህ መነሻ ነው እንጂ መኖሪያ አይደለም። እነዚያ 12 ምሽቶች ቤቱ ራሱን እስኪችል መንገድ ይሁኑ። የሙዚቃ ምሽት ሲሆን ከሒሳቡ ላይ ለሙዚቃው ተብሎ ትንሽ ይጨመር፣ በግልጽ ይጻፍ። አርባ ሰው 30 ብር ቢከፍል 1,200 ብር ነው። ሰው ለምን እንደሚከፍል ሲያውቅ አያጉረመርምም። ደግሞ የጋሼንና የልጅቷን የቴሌብር ቁጥር በወረቀት አትመሽ ጠረጴዛው ላይ አድርጊ። ዛሬ ዛሬ ኪሱ ውስጥ ጥሬ ብር የሌለው እንግዳ ብዙ ነው። ሽልማቱ ያነሰው በዚህም ሊሆን ይችላል።

ውጭ ያሉትን የከተማችሁን ልጆች ደግሞ አትልቀቂያቸው። አንዴ አልቅሰው ብዙ ከሚልኩ በየወሩ ጥቂት ቢልኩ ይሻላል። አሥር ሰው ሆነው የወሩን አንዱን ምሽት ይያዙ። «የዚህ ሳምንት ማሲንቆ በሪያድ ልጆች ነው» ሲባል፣ ጋሼ ስማቸውን እየጠሩ ሲያወድሷቸው፣ ያንን በስልክ ሲሰሙ ምን እንደሚሰማቸው አስቢው። የሠራ ሰው ያመሰገናቸው ይሆናል። እንባ ለማስመጣት የተሠራ ቪዲዮ አያስፈልግም።

ቅረጺ፣ እንዳትቀርጺ አይደለም የምልሽ። አስፈቅደሽ ቅረጺ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ፣ ቁጥር 410/1996፣ የሚጫወተው ሰው ሳይፈቅድ ጨዋታው እንዳይቀረጽ መብት ይሰጠዋል። ጋሼ ይህን ሕግ ሳያውቁም ልባቸው ነግሯቸዋል። ሲፈቅዱ ደግሞ ጥሩ አድርገሽ ቅረጺው። ቴሌቪዥኑን አጥፊ፣ ስልኩን ከእንግዳው ጫጫታ አርቀሽ ወደ ማሲንቆው አስጠጊው። ስማቸውን፣ የልጅቷን ስም፣ ቅኝቱን ጻፊበት። «ተቸግረዋል» ሳይሆን «ሐሙስ ማታ እዚህ ይጫወታሉ» በይ።

ሐሙስ ያልኩት ለባለቤትሽ ብዬ ነው። ሰውየው ጠላትሽ አይደለም፤ ቤቱ እንዳይዘጋ ፈርቷል። ፍርሃቱን ስሚለት። ኳሱን ተዪለት። ቅዳሜና እሑድ ፕሪሚየር ሊግ አለ፣ ማክሰኞና ረቡዕ ሻምፒዮንስ ሊግ። ሐሙስ ግን ለሙዚቃ ይሁን። ቅዳሜ የእናትሽ ቀን እንደነበረ ይገባኛል፣ መልቀቁም ይከብድሻል። ጋሼንም አማክሪያቸው፣ ምናልባት ቅዳሜ ይሻለናል ይላሉ። ለባለቤትሽ ግን አንድ ነገር አስታውሺው። መብራት ሲጠፋ ስፒከሩም ስክሪኑም ይጠፋል። ማሲንቆ አንድ ጭራ፣ አንድ ደጋን ናት። በጨለማ ስትሰማ እንዲያውም ይበልጥ ታምራለች።

አሁን ወደ ልጅቷ። ወንድምሽ ያወራል፣ አንቺ ታወሪያለሽ፣ እሷ ዝም ብላለች። ዝምታዋ አሳሰበኝ። ጋሼ ከጠፉ ወዲህ እሷስ የት እየዘፈነች ነው? ሰው በሌለበት ቁጭ በሉና «አንቺ ምን ትፈልጊያለሽ?» ብለሽ ጠይቂያት። ልሂድ ካለች ሂጂ በያት። መሄድ ክህደት አይደለም። ግን ወንድምሽን ጠንካራ ጥያቄ ጠይቂው። የት ታድራለች? በሳምንት ስንት ሌሊት ትሠራለች? ክፍያዋ በእጇ ነው ወይስ በሰው በኩል? ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ማን ቤቷ ያደርሳታል? እንደ ሠራተኛ ነው የሚፈልጓት ወይስ እንደ ጌጥ? አጥጋቢ መልስ ከሌለው ገና ነው። መልስ ካለውም ለሁለት ሳምንት ሄዳ አይታው ትመለስ። በሩ በሁለቱም በኩል ክፍት ይሁንላት።

«እዚያ ምን ታገኛለች?» ለሚለው ግን ወንድምሽን ልሞግተው። ባቲና አምባሰል የሚባሉት ቅኝቶች ስማቸውን ያገኙት ከወሎ ቦታዎች ነው። አዲስ አበባ ያለው የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ተማሪ የሚያጠናው የእናንተን አገር ስም ይዞ ነው። ማሪቱ ለገሰን አስቢያት። አምባሰልን እንዲያ አድርጋ የተጫወተችው ሴት የወጣችው ከወሎ ላሊበላ የኪነት ቡድን ነው። በደርግ ጊዜ ጎንደር ፋሲለደስ የሚባል ቡድን ነበረው፣ ጎጃም ጊሽ ዓባይ የሚባል ነበረው። እነዚያ ቡድኖች ለመንግሥት ቅስቀሳም ይውሉ ነበር፣ ያንን አልረሳሁም። ነገር ግን ክፍለ ሀገር ውስጥ መለማመጃ ነበር፣ መድረክ ነበር፣ የሚሰማ ሕዝብ ነበር። ስለዚህ ድምፅ እዚያው በሰለ። ያቺ የ22 ዓመት ልጅ የጎደላት አዲስ አበባ ነው ወይስ በቋሚነት የምትቆምበት መድረክ? ሁለተኛው ከሆነ አንቺ ቤት አለሽ።

ጋሼ ከተመለሱ ሌላም ሥራ አለ፣ ቀስ ብለሽ አንሺው። ጥር እየመጣ ነው። ሠርግ ያለው ሰው ሁሉ ምግብ ለማዘዝ አንቺ ጋ ይመጣል አይደል? ዲጄ ብቻ ከማለታቸው በፊት የጋሼን ስልክ ስጪልኝ። ዋጋቸው ይታወቅ፣ ቀብድ ይያዝ። ለሠርግ ተጠርቶ «ሽልማት ታገኛለህ» ተብሎ መሸኘት ይብቃ። ጾሙ ሲገባ ደግሞ ዘፈን ባይኖርም እጅ ሥራ አይፈታም። ብዙ ተጫዋቾች ማሲንቋቸውን ራሳቸው ነው የሚሠሩት፤ እንጨቱን ይጠርባሉ፣ ቆዳ ይወጥራሉ፣ የፈረስ ጭራ ይገምዳሉ። ጋሼም ይችሉ እንደሆነ ጠይቂያቸው። ያቺ ሪያድ ወይም ቨርጂኒያ ያለች የከተማችሁ ልጅ ግድግዳዋ ላይ የምትሰቅለው፣ ከቻለችም ልጇ የሚማርበት፣ በስማቸው የተሠራ ማሲንቆ ብትገዛ ደስ አይላትም? ከ18,000ው ላይ ጥቂቱን ለዚያ ጊዜ የእንጨትና የቆዳ መግዣ አስቀሪው። ሁሉንም በጥር አትጨርሺው።

የትምህርት ቤቱ የሙዚቃ ክበብና የወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤትም አሉ። ሂጂና አዳራሽ፣ ወይም ልጆች የሚማሩበት አንድ ክፍል ጠይቂ። ብር እንዲሰጡሽ አትጠብቂ። ክፍልና ወንበር ካገኘሽ በቂ ነው።

ግን ይህ ሁሉ ኋላ ነው። እሳቸው «አልመለስም» ሊሉሽም ይችላሉ። የደከመው ሰው የመድከም መብት አለው። ጥበቃውን ከመረጡ አትለምኚያቸው፣ «ሐሙስ ማታ የእርስዎ ወንበር ባዶ ነው» በያቸውና ተዪያቸው። እንደ እንግዳ መጥተው ቁጭ ቢሉም ቤትሽ ነው። ልጅቷ ስትዘፍን ዝም ብለው መስማት የሚችሉ አይመስለኝም።

ቪዲዮውን ዛሬ አጥፊ። ነገ ጠዋት ቡናውን ይዘሽ ሂጂ። ከተመለሱ ደግሞ፣ የመጀመሪያዋን ሐሙስ በምን ግጥም እንደከፈቷት ጻፊልኝ።